የላንቴልም ዓሣ

ጎረቤቴ ላንቴልም ቀለም ቀቢ ነበር። የራሱ አህያ ስታናፋ እንኳ ደንግጦ ቆቡን ያወልቃል እየተባለ ይታማ ነበር። ያስወራሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ሐምሌ ግን ሁላችንም ፈራን። ወረርሽኙ የሸለቆውን ግማሽ ሰው ወስዶ ገና ሳናገግም፣ ልጅ የሌለው ጌታችን አገሩን ከነሕዝቡ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሸጠው ተባለ። የጌቶቻችን ማዕረግ ዶፋን ነው፤ ዶልፊን ማለት። ባሕር አይተን ባናውቅም በየበሩ የምንስለው ያንን ዓሣ ነው። ላንቴልም ወሬውን ሲሰማ፣ የድሮ ጌታ ምልክት ሰው ያሰቅላል ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደና አባቱ በከተማው በር ላይ የሳለውን ዓሣ በኖራ ለቀለቀው። በላዩ የንጉሡን ዓርማ፣ የወርቅ አበቦቹን ሳለ። ያዘዘው ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን በር ጠባቂው አርቶ ከዋናው ከተማ ከግሬኖብል ተመለሰ። ሽያጩ እውነት ነው፣ አገሩ ግን ለንጉሡ የልጅ ልጅ ተሰጥቷል አለ። ዙፋን ወራሹ ልጅ ከእንግዲህ ዶፋን ይባላል፤ ዓሣውንም በዓርማው ያኖራል። የልጁ መልእክተኛ ነገ ጠዋት እዚህ ይደርሳል።

“ምልክቱን ማን ኖራ ቀባው ቢሉኝ መዋሸት አልችልም፣ ጋሼ ላንቴልም። ሰባት ልጆች አሉኝ” አለ አርቶ።

“እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ አንገት ነው” አለ ላንቴልም።

ኖራውን እንዳይፍቀው አበቦቹ ይጠፋሉ፤ ንጉሡን መድፈር ነው። እንዳይተወው ልጁን መድፈር ነው። ሚስቱ ፔሮኔት መሰላሉን ይዛ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ለአያትየው ግማሹን ተው፣ ለልጅየው ግማሹን ፋቅ” አለችው። ፋቀ። ኖራው ግን ጠንክሮ ስለነበር ከዓሣው ዓይን ጋር ተነሣ።

በነጋታው የፈረስ ኮቴ ሲሰማ ገና መሰላሉ ላይ ነበር። ከመውረድ ይልቅ መሰላሉን አቅፎ ቀረ። እኛ ከታች ቆመናል።

መልእክተኛው ፈረሱን አቁሞ ቀና አለ። ነፋሱ ከኋላው ያለውን ሰንደቅ ሲዘረጋው አየነው፤ አበባም ዓሣም ጎን ለጎን አለበት። ላንቴልም ግን ጀርባውን ስለሰጠ አላየም።

“ዓይኑ የታለ?” አለ መልእክተኛው።

ፔሮኔት ናት የመለሰችው፤ “እርስዎ ፊት ሊስለው ነው እኮ የቆየው፣ ጌታዬ።”

“ይሳለው እንግዲህ።”

ሳለው፤ በአንድ እጁ መሰላሉን አንቆ። ዓይኑ ፈጦ፣ ክቡም ተንጋዶ ወጣ። መልእክተኛው ፈረሱን ኮርኩሮ በሥሩ አለፈ።

ላንቴልም በአልጋው ላይ በሰላም ሞተ። ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ይሄ ዓሣ ምን አይቶ ነው እንዲህ የደነገጠው?