ሽማግሌ የሚጠብቀው ጠረጴዛ

«ከጓዳ የወጣ ነገር ሰው አይጎዳም» ይባላል። ሐሰት ነው። የፋብሪካ ቀለም ስንገዛ ቢያንስ ጣሳው ላይ የራስ ቅል ተሥሎበት እናያለን፤ የጓዳችንን ጠርሙስ ግን እንደ ዘመድ እናምነዋለን።

አስም ያለባት ታላቅ እኅቴ እንጅባራ ትኖራለች። ባለፈው ታኅሣሥ ልጇን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ቀን ስለተቆረጠ ከዳንግላ ሄድኩላት። ሳሎን ውስጥ አዲስ የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ ቆሟል። ቀለሙን ራሷ ልትሠራ የዛገ ሚስማር አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋ ከርማለች። «ክዳኑን አታጥብቂው፣ የሚወጣው ጋዝ ያፈነዳዋል» ብዬ በስልክ ስነግራት ስቃብኝ ነበር።

ጠረጴዛውን መጀመሪያ የግራር ቅርፊት በተቀቀለበት ውኃ አራሰችው፤ ከዚያ የሚስማሩን አቼቶ ደረበችበት። ቡናማ ጠብቃ ነበር። ነገር ግን ቅርፊቱ ታኒን የሚባለው፣ ቆዳ የሚያለፋው ነገር አለበት፤ እሱ ብረት የሟሟበት አቼቶ ሲነካው ይጠቁራል። ዓይናችን እያየ ጠቆረ።

«የሬሳ ሣጥን መሰለ! ነገ ለሽማግሌ እዚህ ላይ ላቅርብ?»

«ያምራል፣ ተዪው» አልኳት።

«አንተ የወደድከው እኔ ስለጠላሁት ነው» አለች። ልጇ ሣቀች።

ከብርዱ የተነሣ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። እኅቴ ሚስማር ያልገባበትን የተረፈ አቼቶ ጣሳ ውስጥ ገልብጣ በረኪና ጨመረችበት። «ሁለቱ ተጋግዘው ያነጡታል።»

«እታለም፣ አስቀምጪው! መርዝ ነው!»

«ደግሞ ጀመረው። ባለፈው ስኳር መርዝ ነው አልክ፤ ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን።»

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። ሁሉን ስቃወም ስለኖርኩ ቤተሰቤ ቃሌን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ለምዶታል። ጨርቁን ነክራ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ክሎሪን፣ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ያጎነበሰ ሰው ፊቱን ይነክርበታል።

አንዴ ሳለች። ደገመች። ሦስተኛው ሳል አልወጣም፤ ከደረቷ የተሰማው ፉጨት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። «በሩን ክፈቺና ውጪ!» ብዬ ልጅቷ ላይ ጮህኩ፤ እኅቴን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ ትታገለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ከንፈሯ አመድ መስሎ አየሁት። የሚነፋውን የአስም መድኃኒቷን ወደ ውስጥ ሳበችው፣ አልረዳትም። ባጃጅ አስቁመን ሆስፒታል ወሰድናት፤ ኦክስጅን ተደረገላት።

ድምፅዋ ሲመለስ «ሽማግሌዎቹን ማን ይነግራቸዋል?» አለች።

ቀኑ ተላለፈ፤ ሽማግሌዎቹም በኋላ መጡ። የእኅቴ ደረት ግን ዛሬም ዳገት ስትወጣ ያፏጫል።

እኔን ማመን የለብህም። ብቻ ይህን ገጽ አስቀምጥና ተነሥ፤ በረኪናህን ከአቼቶህ አርቀህ ሌላ ቦታ አኑር። አሁኑኑ።