በነገሌ «ነገ» ያሉኝ ሽማግሌ

ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ

ከክብረ መንግሥት የምንነሣው ሌሊት በአሥር ሰዓት ነው ብሎ የቀሰቀሰን ሾፌር ጎማ ሲለውጥ ጎሕ ቀደደ። ተሳፋሪው በስኳር ጆንያ ላይ ተደርድሯል፤ ሁለት ወታደሮች፣ አንድ የፍየል ነጋዴ፣ እኔ። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ማን ወታደር፣ ማን ነጋዴ እንደሆነ ፊት አይቶ መለየት ቀረ።

ዛሬ ነገሌ እንገባለን ወይ ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«እግዜር ካለ ዛሬ፤ ካላለም ነገ» አለኝ።

አንባቢ ይህችን «ነገ» የምትባል ቃል ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ጉድ ትሠራኛለች።

ጋዜጣው የላከኝ ከአሬሮ ማዶ ያሉትን የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አይቼ እንድጽፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን የሚያስኬደኝ ጉድጓድ አይደለም፤ አሬሮ ያለችው ታላቅ እህቴ አስካለ ናት። ባሏ ፖሊስ ነው፤ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። እናታችን ስታርፍ ለመምጣት ተነሥታ ነበር፤ የዳዋ ወንዝ ሞልቶ መለሳት። እናታችን «ለአስካለ ስጡልኝ» ያለችው ነጠላ በሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ዓርብ ጠዋት፣ ነገሌ

አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ባሳተመው ወረቀት ላይ ነገሌ «ለጎብኚዎች ምቹ ከተማ» ተብላለች። ከረጅም የእግር ጉዞ በፊት አንድ ቀን ዐርፎ ከተማዪቱን መጎብኘት መንፈስን ያድሳል ይላል። ሌሎች ጎብኚዎችን ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። አንድ አገኘሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ መስታወት ውስጥ ነበር፣ ጺሙንም መላጨት ነበረበት።

ያረፍኩት እትዬ በለጡ ቤት ነው። ባለቤታቸው የጦር ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በሦስት ክፍላቸው ላይ «ሆቴል» የሚል ጽፈው አገር ያሳድራሉ። ወደ አሬሮ እንዴት ልሂድ ብላቸው፣ የመኪናውን መንገድ ዝናብ እንደበላው፣ የቀረው ከግመል ኋላ በእግር መሄድ እንደሆነ ነገሩኝ።

«የባለሱቁን የሀጂ ኑሩን ጨውና ቡና በግመል አሬሮ የሚያደርሱ ኦቦ ጉዮ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሂድና ለምናቸው» አሉኝ። «ካመለጡህ ግን ዳዋ ይሞላል። ያን ጊዜ እስከ በጋ ነገሌን ስትጎበኝ ትከርማለህ።»

ዓርብ፣ ቀትር

ሀጂ ኑሩ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደው ሱቃቸው ተዘግቷል። ኦቦ ጉዮ ከበረንዳው ጥላ ሥር፣ ጥምጥማቸው የነጣ፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ግመሎቹ ፊት ለፊታቸው ተንበርክከው ያመሰኳሉ።

«አሬሮ?» አልኩ ደረቴን እየነካሁ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«መቼ ነው የምትነሡት?»

«ናጋ» አሉ እጄን ጨብጠው።

«ነገ?»

«ናጋ።»

በቦረና አፍ አማርኛው ትንሽ ይጎተታል ብዬ አለፍኩት። ደግሞስ ከሐሙስ ጀምሮ ነገ ያላለኝ ማን አለ? ሾፌሩ ነገ ብሎኛል፣ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ጸሐፊ ነገ ብሎኛል፤ ከተማዪቱ ራሷ ስሟን በነገ ትጀምራለች። ለጥንቃቄ ያህል ግን ወደ እንስሶቹ ጠቆምኩ።

«ግመሎቹም ነገ?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ናጋ! ናጋ!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጉዳዩን በአንድ ቃል የጨረስኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ያለኝን ቀን በወረቀቱ ትእዛዝ መሠረት ጎበኘሁበት። የጦር ሰፈሩ አጥር ሥር የወታደር ሚስቶች ይሸጣሉ፤ አንዷ የጎንደር በርበሬ፣ አንዷ የሐረር ማሽላ ይዛ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ ሲናደዱ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ገበያው ውስጥ የግመል ወተት በስሙኒ ጠጣሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ሆዴ ዳዋን ተሻገረ። ሳሙና ገዛሁ፣ ካልሲ ገዛሁ፤ ለነገው መንገደኛ ለራሴ ያልገዛሁት ነገር የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ በለጡ በገንዳ ለብ ያለ ውሃ አቀረቡልኝ። እግሬን ነክሬ፣ ኦቦ ጉዮ ነገ እንነሣለን እንዳሉኝ አወራኋቸው። የያዙትን ማሰሮ መሬት አስቀመጡት።

«ኦቦ ጉዮ? በየት አገር አማርኛቸው?»

«ነገ ስላቸው ነገ አሉኝ እኮ።»

«ወንድሜ፣ ናጋ ማለት ሰላም ማለት ነው። ሰላም ነዎት ያልካቸው መስሏቸው ሰላም ነኝ ነው ያሉህ። ግመል ደግሞ ፀሐይ ሲበርድለት ነው የሚሄደው፤ ይኼኔ ወጥተዋል።»

ያን ጊዜ ጉድጓዱም ጋዜጣውም ከሐሳቤ ጠፋ። የታየኝ ነጠላው ነው። እህቴን ይህ ወንዝ ሁለተኛ ሊከለክላት ነው ብዬ ፈራሁ፣ በራሴም አፈርኩ። ሻንጣዬን አፈፍ አድርጌ በእርጥብ እግሬ ጫማ አጠለቅሁና ወጣሁ። የእትዬ በለጡን ሳቅ የሰማሁት ከግቢው ወጥቼ ስሮጥ ነው፤ ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፣ እስክወጣ ይዘውት ነበር።

በሱቁ በር ላይ የግመል ፋንድያ ብቻ ቀርቷል። ወደ ዳዋ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሮጥኩ። ቤት አልቆ ቁጥቋጦ ሲጀምር አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ከሥሩ ግመሎቹ እንደ ተጫኑ ቆመዋል። ኦቦ ጉዮ በትራቸውን ተደግፈዋል። ሊሸኙ የመጡት ሀጂ ኑሩ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«አንተ ነህ እንዴ የምትጠበቀው?» አሉኝ ሀጂ። «ሰውዬው አልንቀሳቀስም ብለው አስቸገሩኝ። አንድ የደጋ ሰው አሬሮ መሄድ ይፈልጋል፤ ሰላሜን ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ የግመሎቼን ሰላም ሳይቀር ጠየቀኝ፤ እንዲህ ያለ የሰው ልጅ ተትቶ አይኬድም ይላሉ።»

ጨዋነቴ ከየት እንደ መጣ ለሀጂ ማስረዳት መንገዱን ማስረዘም ነው ብዬ ተውኩት።

አሬሮ

ዳዋን የተሻገርነው ውሃው ወገባችን ላይ ሲደርስ ነው። ነጠላው ከግመሉ ጫንቃ በላይ ታስሮ ከሁላችንም ደርቆ ተሻገረ። ማዶ ስናርፍ ዝናቡ ወረደና ወንዙ ግንድ እየገፋ መጣ። ኦቦ ጉዮ በየጠዋቱ «መቼ ነው?» እያሉ ይቀሰቅሱኝ ነበር፤ የአማርኛ ሰላምታ ከእኔ የተማሩት ይህን ነው። እኔም «ናጋ» እላለሁ። ከዚህ የተሻለ መግባባት በአዲስ አበባም አላየሁም።

አስካለ በሯ ላይ ቆማ አየችኝ። ነጠላውን ስሰጣት ፊቷን ቀብራ አሸተተችው፣ ብዙ ቆየች። እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ቀና ስትል መጀመሪያ ያለችው እንዲህ ነው፦

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት፣ የለመዷትን «መቼ ነው» የሰሙት ኦቦ ጉዮ ከኋላዬ ሞቅ አድርገው መለሱላት።

«ናጋ!»

ይህን ሁሉ ዓመት ቦረና የኖረችው እህቴ፣ ያን ዕለት ግን እንደ እኔ ሰማች። ነጠላውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ነገ?»

«አይደለም» አልኳት። «ዳዋ ሞልቷል።»