የተኛው ላፕቶፕ

የላፕቶፕ ፋን ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ በቀስታ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ያፏጫል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ሰመራ ላይ በምሠራበት የጥገና ሱቅ ይህን ድምፅ በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ አልለመድኩትም፣ የምለምደውም አይመስለኝም። በመጣ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ካቻቪቴ ይቆምና አዋሽ፣ ከአስፋልቱ ዳር በነበረችው የእናቴ ቁርስ ቤት ጓዳ ውስጥ እገኛለሁ፤ እናቴ ዱቄት የነካው ጣቷን ወደ ኪቦርዱ ዘርግታ፣ ወንድሜ ሰዒድ ከጎኗ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ በቅናት እያረርኩ።

እናቴ ዘሐራ የወሎ ሰው ናት። አባቴ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር እንደ እንግዳ ብቅ ይልና አድሮ ይሄድ ነበር፤ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የእሷ ቦምቦሊኖና ፉል ነበር። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ቆርቆሮ ላይ «ዘራ ቁርስ ቤት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉን የሠራው ሰው «ሐ»ን ረስቶ፣ ነገ መጥቼ አስገባዋለሁ ብሎ፣ ቀለሙን ይዞ በዚያው ቀረ። ሹፌሮቹ ጠዋት ሲገቡ «ዘራ! ዛሬስ ምን ዘራሽ?» ይሏት ነበር፤ እሷም ፉሉን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ጥጋብ ነዋ! ካላመንክ ተቀምጠህ እጨድ!» ትላቸው ነበር። ይስቃሉ፣ ትስቃለች። ቤቱ ባዶ ሲሆን ግን በሩ ላይ ቆማ ወደ ቆርቆሮው እያየች «በአንድ ፊደል ሌላ ሰው አደረገኝ እኮ» ትል ነበር።

ሰዒድ ያኔ ሰመራ ላይ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። አባቴ ያገለገለ ላፕቶፕ ከጅቡቲ አምጥቶለት፣ ጥር ላይ፣ አዋሽ ለሰው ልጅ በምትመችበት ብቸኛ ወር፣ ለእረፍት ሲመጣ ይዞት መጣ። ጥቁር ነበር፣ ክዳኑ ላይ የተላጠ ተለጣፊ ነበረበት፣ ሲከፈት ማጠፊያው ሲጥ ይል ነበር። እኔ ገና ሳየው ልነካው ዘልዬ ሄድኩ፣ ሰዒድ እጄን መታው። «አንች እጅሽ አያርፍም። በዓይንሽ ብቻ!» ብሎኝ፣ ይህን ባለበት አፉ ዞር አለና «እማ፣ ነይ ተቀመጭ» አላት።

እማ! መሠረተ ትምህርት ተምራ ፊደል ከመለየት በቀር ደብተር ጨብጣ የማታውቀው እማ! እኔ የክፍሌ ጎበዝ ቆሜ፣ እሷ ከቁርስ ግርግር በኋላ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ትቀመጥና ቢስሚላህ ብላ ማብሪያውን ትጫነው ነበር። ሰዒድ አንድ በአንድ ያሳያት ነበር፤ ይሄ ስክሪኑ፣ ይሄ ኪቦርዱ፣ ይሄ ጣትሽን የምታንሸራትችበት፣ ይሄ ቻርጀሩ የሚገባበት፣ በዚህ ጎን ያለው ወንፊት ደግሞ ትኩስ አየር የሚያስወጣበት። እሷ ኪቦርዱን ዳር እስከ ዳር ፈትሻ «የኛ ፊደል የታለ?» አለችው።

«ውስጥ ነው እማ። አንች የፈረንጁን ትጫኛለሽ፣ እሱ ወደ አማርኛ ይመልስልሻል።»

«እንደ አስተርጓሚ?»

«እንደ አስተርጓሚ።»

«ታዲያ እንደዚያ ቀለም ቀቢ አንዱን ውጦ እንዳያስቀርብኝ!»

የፈለገችው የቁርስ ቤቷን የምግብ ዝርዝር ራሷ ጽፋ፣ ሰዒድ አሳትሞላት፣ ከላይ ስሟ ሙሉ ሆኖ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም። «ዘ» ቶሎ ገባላት፣ «ራ»ም ገባላት፣ «ሐ» ግን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ስለሚጠይቅ አንዱን ስትጫን አንዱ ያመልጣት ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሊጥ የምታቦካ ይመስል ትከሻዋን ጭምር ትጫነው ነበር። «ይሄ ሐ በጉልበት ነው እንዴ የሚመጣው?» እያለች። እኔ ከኋላ ሆኜ «እኔ ላሳይሽ፣ እኔ ላሳይሽ» ስል «ዞር በይ፣ ተማሪ አትረብሽ!» ብላ በክርኗ ትገፋኝ ነበር።

አባቴ በዚያው ሰሞን ሲያልፍ ገብቶ ሰዒድ አቧራ ሊጠርግ የጀርባውን ክዳን ሲፈታ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየና ፊቱ በራ። «ይሄማ መኪና ነው! ይሄ ቬንትሌተሩ፣ ይሄ ራዲያተሩ፣ ይሄ ባትሪው። ውሃው በየት ነው የሚሞላው?» አለ። «አባ፣ ይሄ ውሃ አይጠጣም!» አለው ሰዒድ፣ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ መሃሉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሰሌዳ አሳይቶን «ይሄ ማዘርቦርድ ይባላል፣ ማዘር እናት ማለት ነው፣ ሁሉም የተሰካው እሷ ላይ ነው» አለን። እናቴ «እናንተስ ብትሆኑ የት ነው የተሰካችሁት?» ብላ ደረቷን መታ መታ አደረገች።

ከትምህርቱ ሁሉ የወደደችው ግን አንድ ቃል ነበር። «ስትዘጊው አይሞትም፣ ይተኛል» ብሏት ነበር ሰዒድ፣ «ስትከፍችው ካቆምሽበት ይነሳል።» ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ የተዘጋበት ክፍል ውስጥ እኔ ስንጫጫ እናቴ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም በይ፣ ተኝቷል!» ትለኝ ነበር፤ ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

መጋቢት ሲገባና ነፋሱ አሸዋውን እየዛቀ ፉሉ ውስጥ መጨመር ሲጀምር ሰዒድ ላፕቶፑን ይዞ ሰመራ ተመልሶ ነበር። ከመሄዱ በፊት ኪቦርዱን በብስኩት ካርቶን ላይ ስሎላት ስለነበር፣ እናቴ ዘይቱ እስኪግል ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ትለማመድ ነበር። ካርቶን ስለሆነ ምንም አይወጣም። እሷ ግን በአፏ «ሐ» ትል ነበር።

ሙቀቱ ከመጣ በኋላ ኢድ ደረሰ። በሙቀቱ ወራት አዋሽ ላይ ሰው በደረቅ አንሶላ አይተኛም፤ እናቴ አንሶላችንን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ጠብ እስከማይል ጨምቃ ታለብሰን፣ ሲደርቅ ደግሞ ሳትቀሰቅሰን በመዳፏ ውሃ ትረጭብን ነበር። ከልጅነቴ ሁሉ አንድ ነገር መልሰሽ ውሰጂ ብባል ያቺን የመጀመሪያዋን ቅዝቃዜ እወስድ ነበር። ሰዒድ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊጨርስ ጥቂት ስለቀረው ላፕቶፑን ይዞ ለኢድ መጣ፣ ሲሠራም ፋኑ እንዳሁኑ ያፏጭ ነበር። የኢድ ምሳ ተበልቶ መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ቤቱ እንደ ምድጃ ሆነ። ሰዒድ ላፕቶፑን ዘጋና ፍራሹ ላይ አስቀምጦት አጠገቡ ጋደም አለ፣ እኔም በወዲያኛው ጥግ ተኛሁ። እናቴ ሰዒድን አለበሰችው፣ እኔን አለበሰችኝ። ከዚያ ላፕቶፑን በእጇ ጀርባ ነካችው፤ እንደ ትኩሳታም ሕፃን ያቃጥል ነበር። ተኝቷልም። ነጠላዋን ነከረች፣ በደንብ ጨመቀች፣ አለበሰችው። ሲደርቅበትም፣ ለእኛ እንደምታደርገው፣ ረጨችበት።

የነቃሁት በሰዒድ ዝምታ ነው ብል አታምኑኝም፣ ግን እንደዚያ ነበር። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ነጠላውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ማብሪያውን እየተጫነ፣ እንደገና እየተጫነ ነበር። ዘቅዝቆ ሲይዘው ከወንፊቱ ውሃ ጠብ አለ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በሹክሹክታ «ነቃ?» አለችው።

«ትንሽ ይቆይ እማ» አላት።

ፊቱን አይታ ገባት። «አላጠጣሁትም እኮ» አለች፣ «ሸፈንኩት እንጂ። አቃጥሎት ነበር።»

«አውቃለሁ እማ። ምንም አይደል።» ቢጮህባት ይሻል ነበር። ሰዒድ ግን የሚጮህ ሰው አልነበረም፣ እሷም የምትይዘው ነገር አጥታ ነጠላውን ከእጁ ወስዳ እንደገና ትጨምቀው ጀመር። አባቴ ወሬውን ሚሌ ሆኖ በስልክ ሰምቶ «ዘራ፣ ራዲያተሩን ሞላሽው አሉ!» ብሎ ሳቀባት። ለዚህ መልስ የማታጣ ሴት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሰዒድ ሰመራ ወስዶ አስከፈተው። ሃርድ ዲስኩ ስለተረፈ ጽሑፉን አወጡለት፣ የቀረውንም በጓደኞቹ ኮምፒውተር ተራ እየጠበቀ ጨረሰ። ደውሎ ሲነግራት ግን ምላሱ አዳለጠው። «የሞተው ማዘርቦርዱ ብቻ ነው» አላት።

«እናትየዋ?» አለች እናቴ። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው።

«ጽሑፌ ተርፏል እኮ እማ! ወላሂ ተርፏል!» ሲላት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታው ነበር። በነጋታው በብስኩት ካርቶኑ ከሰል ስታራግብ አየኋት።

ክረምት ላይ ሰዒድ ተመርቆ ሲመጣ የላፕቶፑን ሬሳ ይዞ መጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «በይ፣ አሁን እጅሽ እንደፈለገ ይሁን» አለኝ። ያ ቀን የልጅነቴ ትልቁ ደስታ ነበር፣ ምንም ልዋሽ አልችልም። ከአባቴ መፍቻ ዕቃ ውስጥ ትንሿን ካቻቪቴ መርጬ፣ ብሎኖቹን የሻይ ሰሃን ላይ እየደረደርኩ፣ ክረምቱን በሙሉ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ መልሼ ፈታሁት። ራሙን አውጥቼ በጣቴ መሃል አሽከረከርኩ፣ ፋኑን በትንፋሼ አስኬድኩ፣ የትኛው ገመድ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ በጨለማ እስካውቅ ድረስ። ማዘርቦርዱ ላይ የአዋሽ ውሃ ሲደርቅ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚተወው ዓይነት ነጭ ጨው እንደ ካርታ ተስሎ ነበር። «እማ፣ ራም ይሄ ነው! እማ፣ ነይ እይው!» እያልኩ እጮህ ነበር፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች፣ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

አንድ ቀን የኪቦርዱን ቁልፎች ነቃቅዬ ከሥራቸው ዱቄት አገኘሁ። ሁሉም ሥር አልነበረም። በስሟ ቁልፎች ሥር ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐ በሚወጣበት ሥር፣ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶ። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። እፍ ብዬ አጸዳሁትና ቀጠልኩ።

ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ፣ አብዛኛው አይጸጽተኝም። ይሄ ጥፋት እንኳ አይደለም፣ ስለዚህ ማንንም አውፍ በሉኝ ማለት አልችልም፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። እሷ ባታለብሰው ኖሮ ሰዒድ ይዞት ይሄድ ነበር፣ እኔም በዓይኔ ብቻ እቀር ነበር። ሥራዬ የተጀመረው የእሷ ትምህርት በቆመበት ቀን ነው። ሁለታችን አንድ ወንበር ስንሻማ እሷ ተነሳችልኝ፣ እኔም ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥኩበት።

ሰዒድ ሰመራ ሥራ ሲይዝ ቁርስ ቤቱን ዘግተን ወደዚህ መጣን። ቆርቆሮው እስከተነቀለበት ቀን ድረስ «ዘራ» እንዳለ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚህ ሱቅ ገባሁ፤ እናቴ ምሳዬን ታመጣልኛለች፣ ሳህኑን በር ላይ ካለው በርጩማ ላይ ታስቀምጥና ወዲያው እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። ስልኳን እንኳ የምታነሳላት የጎረቤታችን ልጅ ናት።

በቀደም ከፍቼ አይቼ፣ ይሄስ አበቃለት ብዬ ወደ ጎን ያደረግኩት ላፕቶፕ ነበር። «እማ፣ ነይ ይሄን ንኪው» አልኳት።

«ተይኝ አንች ልጅ።»

«የሞተ ነው እኮ። ምንም ብታደርጊው ከዚህ አይብስም። ነይ፣ ሐ እንዴት እንደሚወጣ አሳይኝ።»

ወደ ሱቁ ጓዳ ዞር ብላ ማንም እንደሌለ አየች። ቀረበች። ሁለት ጣቶቿን ከነጠላው አውጥታ ልክ በቦታቸው፣ ሳትሳሳት፣ ከሁለቱ ቁልፎች በላይ አየር ላይ ያዘቻቸው። ጠበቅኩ። ከዚያ መልሳ ሰበሰበቻቸው።

«ቢድንስ?» አለችኝ።

ያኔ ለቤቱ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ነበረን፣ ከሁላችን ቀድማ የምትቀመጥበትም እናቴ ነበረች። ዛሬ ጠረጴዛዬ የተከፈተ ላፕቶፕ አጥቶ አያውቅም። ሰዎች የተጠገነውን ሲረከቡኝ «ይቺ ልጅ እጀ ወርቅ ናት» ይላሉ፣ እናቴም በር ላይ ሆና ትሰማና ደስ ይላታል። እኔ ግን ወርቁ ከማን እጅ እንደመጣ ስለማውቅ ያኔ ቀና ብዬ አላያትም።