በእንዶድ የላጥሁት መዳፍ

በ2011 ዓ.ም. ዕድሜዬ ስድሳ ሰባት ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ ቀኝ መዳፌን ያሳክከኝ ጀመር። ማሳከኩ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ምን እንደሆነ የማውቅ መሰለኝ።

ከሦስት ቀን በፊት ጎረቤቴ ደመቀ ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ ቅልጥሙን ቆረጠው። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ይጻፉት ያለኝ ግን ራሱ ነው። ቁስሉን በባዶ እጄ ጨምቄ ያዝሁት። ከደጋችን በቃሬዛ ስናወርደው ሌሎቹ ሸክሙን ይቀያየራሉ፤ እኔ ከጎኑ እየሄድሁ አልለቀቅሁም። ደሙ እስከ ክርኔ ወርዶ ደረቀ። ጤና ጣቢያው ሌሎቹን አስወጣቸው፣ እኔን ቁስሉን ስለያዝሁ ተዉኝ። ሲስተሯ "የምትወስደው መድኃኒት አለ?" አለችው። ደመቀ እኔን አየኝ።

"የኤችአይቪ። ስድስት ዓመት ሆነኝ" አላት።

እጄን አየሁት። እዚያው ብጠይቃት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እሱ ፊት አፈርሁ። በኋላም ተመልሼ አልጠየቅሁም፤ ግትር ነኝ።

ቤቴ ገብቼ በእንዶድ ታጠብሁ። በማግሥቱም። ከዚያ አመድ ጨመርሁበት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስፈትገው መዳፌ ተላጠ። ቆሰለ። መግል ያዘ። እህል አልወርድ አለኝ። ከሳሁ። መክሳቴን ሳይ፣ ይኸው መጣ አልሁ። ከባለቤቴ ከየሺ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተውሁ፤ መደብ ለይቼ ተኛሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አጥበህ ልትጨርሰው ነው ወይ?" አለችኝ።

ለሷ ብነግር የደመቀን ምስጢር ማውጣቴ ነው።

የሚካኤል ማኅበር አለን። በየወሩ ጽዋው ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ እኔ የምቀመጠው ከደመቀ ቀጥሎ ነው። በኅዳር ከእጁ ተቀብዬ ሳልቀምስ አሳለፍሁት። በታኅሣሥም፣ በጥርም። ለሌላው እንዳላስተላልፍ ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሱ አፍ ቀጥዬ መጠጣትም ፈርቻለሁ።

በጥር መጨረሻ ሽማግሌዎች ቄሱን ይዘው ቤቴ መጡ።

"ደመቀ ድንበር ገፋህ?"

"አልገፋኝም።"

"ከብቱ ገብስህን በላ?"

"አልበላም።"

"ታዲያ በምን ቂም ያዝህበት? አንተ እንደሁ በሬህ ቢያመነዥክም ትቀየማለህ" አለኝ አንዱ፤ ሳቁ። ቄሱ ሳልታረቅ ማኅበር እንዳልቀመጥ ነገሩኝና ሄዱ።

በነጋታው ደመቀ እያነከሰ መጣ።

"አያ ፈንታው፣ የሰሙትን ለሰው እንዳልተናገሩ አውቃለሁ። እጅዎን ግን አየሁት። ይነሡ፣ ሲስተሯ ዘንድ እንሂድ።"

"ሩቅ ነው።"

"እኔ አንካሳው ከሄድሁ እርስዎ ምን ይሆናሉ?"

ሄድሁ። ሲስተሯ እጄን አገላብጣ አየች።

"አባባ፣ ያን ቀን እጅዎ ላይ ቁስል ነበር?"

"አልነበረም።"

"ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ደም ቢፈስ ቫይረሱ አይገባም። በውኃና በሳሙና መታጠብ ይበቃ ነበር። ይህን ቁስል ያመጡት ራስዎ ነዎት።"

ጣቴን ወጋች። ጠበቅሁ። "ነጻ ነዎት" አለች። ሦስት ወር ስላለፈ ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ስለ ጽዋው ጠየቅኋት፤ በጽዋም፣ በትሪም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም አለች። ደመቀ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። መሬት መሬት አየሁ።

መዳፌ ለመዳን እስከ መጋቢት ፈጀ፤ የሰጠችኝን እንክብል ጨርሼ፣ ቅባቱን ጠዋትና ማታ እየቀባሁ፣ አዲስ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ሲመጣ እያየሁ ቀስ በቀስ እርፍ መያዝ ቻልሁ። ደመቀ ሲፈቅድልኝ ለየሺ ነገርኋት፤ "ይህን ሁሉ ወር ለብቻህ የበላኸው ለዚህ ነው?" ብላ ትሪውን አቀረበች። እሷንም ሲስተሯንም እግዜር ይስጣቸው። እንደኔ የምትጨነቁ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደሙ ክፍት ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ነክቶ ከሆነ ደግሞ ዕለቱኑ ሂዱ፤ መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ከሰባ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም።

ከምርመራው በማግሥቱ ጠዋት፣ እጄ በፋሻ እንደታሰረ፣ እንደ በደለኛ ደንብ ድንጋይ በጫንቃዬ አድርጌ ደመቀ ደጃፍ ሄድሁ። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበር። ደመቀ እያነከሰ መጥቶ ድንጋዩን አወረደልኝ።

"አያ ፈንታው፣ ስለ ድንበሩ ይቅር ብያለሁ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰሙ።

ስለ ድንበር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ገባሁ። ጠላ ቀዳ፣ ቀምሶ ሰጠኝ። እስከ አተላው ጠጣሁት።