የእሁድ ቀለብ

እናቴ ሥራዬን የተረዳችው በራሷ መንገድ ነበር። ሕዋስ ምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ላስረዳት ሞክሬአለሁ፤ የሰው አካል የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ፣ እኔ ውጭ አገር ጠርሙስ ውስጥ የማሳድገው ነገር እያልኩ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰምታ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚህ ነገሮች ይበላሉ፣ ካልበሉ ይሞታሉ፣ የእረፍት ቀን ብሎ ነገርም አያውቁም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ስደውልላት ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «ቀለብ ሰጠሻቸው?» ብላ ነበር። አቃቂ የፈትል ማሽን ሥር ቆማ ያረጀች ሴት ናትና ማሽን ተጥሎ እንደማይሄድ ታውቃለች። ገና ነኝ ካልኳት ስልኩን ትዘጋብኛለች።

ሰፈሩ ዶክተር ነው የሚለኝ። ሰዎች የደም ምርመራ ውጤታቸውን ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ መድኃኒት የማዝ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው ሕዋስ እንዴት እንደሚሞት ነው። የሚሞት ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ወደ ውጭ ምልክት ይለቃል፣ አጠገቡ ያሉትም ያንን አውቀው መጥተው ያነሱታል። ይህንን ሳጠና ከከተማ ከተማ፣ ከኮንትራት ኮንትራት ስንከራተት ፀጉሬ ሸበተ። ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ ሰው ደግሞ ፈቃድ ለመጠየቅ አፉን አይከፍትም። አገሬ ልሂድ ባልኩ ቁጥር ወይ ሙከራው መሃል ላይ ነው፣ ወይ የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታቱ አለፉ።

ባለፈው ዓመት ቋሚ ቦታ ተከፈተና ተወዳደርኩ። እናቴ ለፈተናው ተሳለች፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ። በዚያው ሰሞን ድምፅዋ እየሳሳ መጣ። ስጠይቃት ጉንፋን ነው አለችኝ። አንድ እሁድ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን አንስቶ ተኝታለች አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ ፀበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት እሁዶችም መልሱ ያው ነበር። አመንኩት፤ እናቴ ፀበል ከገባች ቶሎ አትወጣም።

ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ይህ በስልክ የሚነገር አልነበረም፤ ደግሞስ ለማን ልንገር፣ እሷ ፀበል ናት። አጎቴ ደውሎ ፈተናሽን ከጨረስሽ እስቲ ፈቃድ ወስደሽ ብቅ በዪ ሲለኝ ጊዜ አላጠፋሁም። ሄጄ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ እማዬ አልሆነልኝም፣ ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁት በከንቱ ነው ልላት ፈለግኩ። እሷ ፊት ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ።

አጎቴና ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሉኝ። ወንድሜ ሲያቅፈኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። እናቴ የት እንዳለች ስጠይቅ ሁለቱም እኩል ሻንጣዬን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪኖቹ እንደ ድሮው መንገዱን ዘግተውት ስንንፏቀቅ አጎቴ፣ በተፈጥሮው ዝምተኛው ሰውዬ፣ ስለሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ውኃ መጥፋት ያለማቋረጥ አወራ። አቃቂ ገባን። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ባጃጆቹ እንደ ልማዳቸው ተኮልኩለዋል። አጎቴ ፍሬቻ አላበራም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ነዳው።

«ዛሬ እኛ ጋ እደሪ» አለኝ፣ በመስታወቱ እንኳ ሳያየኝ። «የናንተ መንገድ ተቆፍሯል። እናትሽም ከፀበል የምትወጣው ነገ ነው።»

ከውጭ የመጣ ሰው ለምን መጀመሪያ ወደ ቤቱ እንደማይወሰድ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ የእናቷን መርዶ ሳትሰማ ያደረችው እኛ ቤት ነው። ያበላቻት እናቴ ናት። በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም፤ ሰውየው ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲነጋ ይረዳል። ያኔ ልጅቷን አይቼ ያዘንኩላት ምንም ስለማታውቅ ነበር። እኔ ግን አወቅሁ፤ ማወቄ ደግሞ ምንም አልጠቀመኝም።

የአጎቴ ሚስት ገበታውን አሰናድታ ጠበቀችን። ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል፣ ይህችን ብቻ፣ በሞቴ እያለች አጎረሰችኝ። ጎረስኩ። አጎቴ አጎረሰኝ፤ ጎረስኩ። እየበላሁ እስካለሁ ድረስ ማንም አይነግረኝም፣ ማንም እስካልነገረኝ ድረስ ደግሞ እናቴ ፀበል ናት። የቀረበልኝ ሲያልቅ ጨምሩልኝ አልኩ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ተነሥቶ ወጣ።

ሲነጋጋ በደረጃው የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነጠላቸውን ያጣፉ የሰፈራችን ሽማግሌዎችና የእናቴ የማኅበር ጓደኞች ገቡ።

«ልጄ፣ በርቺ» አለኝ አጎቴ። «እናትሽ አርፋለች።»

የጮህኩት ከእነሱ በኋላ ነው። አርባዋ ወጥቶ ነበር። ለምን ብዬ አጎቴን ደረቱን መታሁት፤ እሱም አልተከላከለም። ራሷ ናት ያስማለችን አለኝ። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፣ ጠርሙስ ይዛ እጇ ይንቀጠቀጣል ብላ። ፈተናውን መውደቄን አልነገርኳቸውም። አንድ ጠርሙስ ሕዋስ እንኳ የአጠገቡን ሞት ይሰማል፤ እኔ ሰው ሆኜ፣ ልጇ ሆኜ፣ አልሰማሁም። ይህንን ለማንም ብናገረው ትርጉም አልነበረውም።

ከዚያ ወደ ቤታችን ወሰዱኝ፤ መንገዱ አልተቆፈረም። ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱላት፤ የፋብሪካ ጓደኞቿ እጇ እንዴት ፈጣን እንደነበረ፣ የተበጠሰ ክር ሳታይ እንደምትቀጥል እያነሱ። ለቅሶው በረድ ሲል ከወንድሜ ጋር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ ምን እንዳለች ጠየቅሁት። 

«እሁድ ከሰዓት ነበር» አለኝ። «ቃሌን አፍርሼ፣ ድምፅሽን ትስማ ብዬ ልደውልልሽ ስልኩን አነሣሁ። ‹ተው፣ አሁን ቀለብ እየሰጠች ነው፤ ስትጨርስ ራሷ ትደውላለች› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።»

ያን እሁድ አስታውሰዋለሁ። ቀለባቸውን ሰጥቼ፣ ጠርሙሶቹን ወደ ሙቀታቸው መልሼ፣ እጄን ታጥቤ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው እሱ ነው። ተኝታለች አለኝ። እኔም እንዳትቀሰቅሳት አልኩት።