ከዕድሜዬ የተቆረጡት ሦስት ዓመታት

ታናሽ ወንድሜ ሰው ገደለ። እንዲህ ፊት ለፊት ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም። ሰንጋ ተራ አጠገብ በኳስ በተነሳ ጠብ የሰፈራችንን ልጅ በጩቤ ወጋው፤ ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ወንድሜ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላውም። እኔ ማሙሽ እለዋለሁ፣ እሱ ጋሼ ይለኛል፤ በቁመት ግን በአንድ ራስ ይበልጠኝ ነበር። ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ አሥራ ስምንት አልፎታል ብሎ ጻፈ፤ እንደ አዋቂ ተቆጥሮ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ይግባኝ አልን። እናቴ ከልደታ ማርያም የክርስትና ወረቀቱን አወጣች። ልጅነቱ ከተረጋገጠ ከትልልቆቹ እስረኞች ተለይቶ ጠባይ ማረሚያ ይገባል። ጠበቃው በዚህ ማስረጃ አንሸነፍም አለን፤ እኔም ሞኙ አመንኩት።

የረሳነው ነገር ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ በሰፈራችን ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ዕድሜ ያስቆርጥ ነበር። እናቴም ቀበሌ ሄዳ ከእኔ ላይ ሦስት ዓመት አስቆረጠች። ስታስቆርጥ ግን ታናሼን ረሳችው። በቤተሰብ ቅጹ ላይ እኔ መስከረም፣ እሱ በዚያው ዓመት የካቲት የተወለድን ሆነን ቀረን።

ዐቃቤ ሕጉ ያንን ቅጽ ይዞ ተነሳ። አንዲት እናት በአምስት ወር ልዩነት ሁለት ልጅ እንዴት ትወልዳለች ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ሰው ሳቀ፤ እኔ ክው አልኩ።

የመሐል ዳኛው እናቴን አስነሷት። «ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም፤ ሐሰቱ የማን ዕድሜ ነው? ይንገሩን።»

የእኔ ነው ካለች ከዚያው ከበሩ ላይ ተይዤ ወደ ጦር ግንባር ነኝ። የእሱ ነው ካለች ያ ሕፃን አሥራ ሁለት ዓመቱን ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር ይገፋል። ዞራ አየችኝ። ተነስቼ «የእኔ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነበር። ጫማዬን አየሁ። የግራው ክር አልነበረውም።

ወንድሜ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ እጁን አወጣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሷን አታስጨንቋት። ሐሰቱ የእኔ ነው። ታላቁ እኔ ነኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዳኞቹ እሱን አዩ፣ እኔን አጭሩን አዩ፣ ተንሾካሾኩ። ፍርዱ ጸና አሉ። ያን ጊዜም ከወንበሬ አልተነሳሁም። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ ይህን ስጽፍ እንኳ በራሴ ማፈሬ አልለቀቀኝም።

ፖሊሱ ካቴናውን አስሮ በእኔ በኩል ሲያሳልፈው ወንድሜ ቆም አለ፤ ጎንበስም አለልኝ።

«አይዞህ ማሙሽ» አለኝ።