ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር

መካነ ሰላም ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ነበር የሚቀመጡት። ከፊት ካሉት አንዷ ጆሮዋ አይሰማም። አምስተኛ ክፍል እያለች ማጅራት ገትር ታማ ከሞት ብትተርፍም መስማት አቆመች። መናገር ትችላለች፤ የምትከታተለኝ ግን ከንፈሬን እያየች ነው። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ስለምትሠራ የምትኖረው ሱቅ ካላት አክስቷ ጋር ነው።

ፊት ለፊቷ ሆኜ ቀስ ብዬ ስናገር ይገባታል። ወደ ሰሌዳው ስዞር ይጠፋባታል። ለእሷ ብዬ ስደግመው ደግሞ ከኋላ ያሉት ወሬ ይጀምራሉ፤ ምዕራፉም ሳያልቅ ይደወላል። ሚኒስትሪ ፈተናው እየቀረበ ነው። ግራ ቢገባኝ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ።

"እሷንም አትጣያት፣ መጽሐፉንም ጨርሺ" አሉኝ።  እንደ እሷ ላሉ ልጆች የተለየ ክፍል ያለው ደሴ ነው ይባል ነበር፤ ደሴ ደግሞ የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም።

አንዲት ጎበዝ ልጅ አጠገብ አስቀመጥኳት። ልጅቱ የምናገረውን እየጻፈች ታሳያታለች። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ብዙም ሳይቆይ የጎበዟ ልጅ አባት በር ላይ ጠበቁኝ።

"መምህርት፣ አላህ ያክብርዎት። ልጄ ከአንደኛ ወደ ስድስተኛ ወረደች። የሰው ልጅ መርዳቷን አልጠላሁም። የእሷንስ ትምህርት ማን ይማርላት?"

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ለያየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም እንደገና ለእሷ መድገም ጀመርኩ። አንድ ቀን ከመቀመጫዋ ተነሳች። ድምጿን መመጠን ስለማትችል ክፍሉ በሙሉ እየሰማት፣ "ቲቸር፣ ለእኔ ብለው አይድገሙ፤ እነሱ ይሰለቻቸዋል" አለችኝ።  መድገሙም መተዉም አቃተኝ።

በፈተናው ቀን እኛ የትምህርት ቤቱ መምህራን ወደ ክፍሎቹ እንዳንጠጋ ተከለከልን። ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ሆኜ በተከፈተው መስኮት አያለሁ። ከሒሳብ ጥያቄዎቹ አንዱ ስህተት ኖሮበት፣ ከከላላ ወረዳ የመጣው ፈታኝ እርማቱን በቃሉ ተናገረ። ሁሉም ሲያስተካክል እሷ ቀና እንኳ አላለችም። ጎበዟ ልጅ ዞር ብላ በእጇ ልታሳያት ስትሞክር ፈታኙ ወረቀቷን ነጠቃት። ብገባ ለማስኮረጅ ነው ይባላል። እዚያው ዛፉ ሥር ቀረሁ።

የማትሰማዋ ልጅ ወረቀቱ ሲነጠቅ አየች። "ምን ተባለ? እኔ ጆሮዬ አይሰማም" አለች፤ ድምጿ እኔ ዘንድ ደረሰ። ፈታኙ ትንሽ አያት። ከዚያ ወረቀቱን መለሰና እርማቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ሁለቱም አለፉ። ዘጠነኛ ክፍል ግን ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ፊቱ ብቅ ይልና በሥዕል ይሸፈናል። የማትሰማዋን ልጅ ገበያ ላይ ሳገኛት፣ "እሱን ቀስ በል አይሉት ነገር" ብላ ሳቀች።

"ትቀጥያለሽ ታዲያ?"

"አክስቴ በስልክ ነግራት፣ እማዬ እስከ ሰኔ ቻይው ብላለች።"

እስከ ሰኔ አልቆየችም። ኢድ ካለፈ በኋላ በአክስቷ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን አገኘኋት። ፊት ለፊቷ ሆኜ ቀስ ብዬ፣ "ግማሽ ኪሎ" አልኳት።